እሜቴ አትንኩ እና መርዝ የጠጣው ደብተር

በምድር ላይ በር ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ «ቆይ» ባይ አለው። ሌላው ሠራተኛ ይቀየራል፣ አለቃ ይነሣል፣ ግድግዳው ቀለም ይቀባል፤ «ቆይ» ባዩ ግን ከነወንበሩ እዚያው ነው። ባንክ ብትሄዱ መታወቂያችሁን አገላብጦ አገላብጦ ፎቶው ላይ ያላችሁት እናንተ መሆናችሁን የሚጠራጠር አለ። መድኃኒት ቤት ብትሄዱ የሐኪሙን ወረቀት መስኮት ድረስ ወስዳ ፀሐይ የምታሞቀው አለች። ሰው በቸኮለበት ዕለት ከእነዚህ አንዱ ፊት መቆሙ አይቀርም። ባልቸኮለበት ዕለት ግን ወረፋ የለም፣ «ቆይ» የሚልም የለም፣ ሁሉም ነገር በአምስት ደቂቃ ያልቃል።

የዚህ ዘር ሁሉ አውራ ግን፣ እንደ መርማሪው እምነት፣ በፎረንሲክ መሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት የነገሡት እሜቴ አትንኩ ናቸው። መርማሪው ስድስት ዓመት ሙሉ ደረጃውን ወርዶ በራቸው ላይ ቆሟል። ስድስት ዓመት ሙሉም በሆዱ ሲራገም ደረጃውን ወጥቷል።

ሥራቸው ሲነገር ቀላል ነው። መርዝ ከፈሰሰበት፣ አሲድ ከተደፋበት ወይም ኬሚካል ከነደደበት ቦታ የተለቀመ ኤግዚቢት ሁሉ ወደ ላይኞቹ ፎቆች፣ ወደ አሻራ ክፍልና ወደ ጽሑፍ መርማሪዎቹ ከመውጣቱ በፊት በእሳቸው እጅ ያልፋል። እሳቸው መርዙን ያወርዱለታል፤ ማስረጃውን ግን አብረው አያወርዱም። ጣጣው ያለው እዚህች ላይ ነው። በረኪና መርዝ ያጠፋል፤ ግን አሻራም ያጠፋል፣ ደምም ያጠፋል፣ ጽሑፍም ያጠፋል። ብዙ ካጸዱት ንጹሕ ሆኖ ምንም የማይናገር ዕቃ ይቀራል። ትንሽ ካጸዱት ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው የአሻራ ባለሙያ ከነአጉሊ መነጽሯ ትዘረራለች። እሜቴ አትንኩ በእነዚህ በሁለቱ መሐል ያለችውን ቀጭን መንገድ በጥፍራቸው ይሄዱባታል። የሚሄዱት ግን ቀስ ብለው ነው። በጣም ቀስ ብለው።

ቁመታቸው አጭር ነው። ይሁን እንጂ ቱታውን ለብሰው፣ ጭምብሉን አጥልቀው፣ ድርብ ጓንት አድርገው በሩ ላይ ሲቆሙ ግራም ቀኝም የሚታለፍበት ቀዳዳ የለም። ፊት ለፊታቸው ስትመጡ የመጀመሪያው ቃል «አትንኩ» ነው። ሁለተኛው «ፎቶው የታለ?» ነው። እሳቸው ዘንድ ኤግዚቢት ሳይታጠብ ፎቶ ይነሣል፣ እየታጠበ ፎቶ ይነሣል፣ ታጥቦም ፎቶ ይነሣል። በዚያ ሕንፃ ውስጥ የአንዲት የተቀደደች ካልሲን ያህል ፎቶ የተነሣ ሙሽራ የለም። የታጠበበትም ውሃ አይደፋም፤ በጠርሙስ ተሞልቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት ከካልሲው ጎን ይቀመጣል። አንድ ቀን ውሃው ቃሉን እንዲሰጥ ሊጠሩት ያሰቡ ይመስላል።

ወለላቸው ላይ ሦስት መስመር አለ፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ከቀዩ ወዲያ ያልጸዳ ነገር ነው፣ በቢጫው ይጸዳል፣ በአረንጓዴው ጸድቶ ይወጣል። አንድ ጊዜ ዋናው ኃላፊ እንግዶች አስከትለው ሲያስጎበኙ የጫማቸው ጫፍ ቀዩን መስመር ረገጠ። እሜቴ አትንኩ ወንበር አመጡ፣ አስቀመጧቸው፣ ጫማቸውን ከእግራቸው አወለቁና ከረጢት ውስጥ ከተቱት። ክቡር ኃላፊው የቀረውን ጉብኝት በላስቲክ ከረጢት እግራቸውን ጠቅልለው እየተንሿሹ ጨረሱት። ጫማው በአምስተኛው ቀን ከሦስት ፎቶ ጋር ተመለሰላቸው።

መርማሪው አንድ ቀን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ከባለቤታቸው ጋር ተገናኘ። ጡረታ የወጡ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። «ቤትም እንዲሁ ናቸው?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ቤትም ሦስት ቀጠና አለን» አሉት። «በሩ ጋ ቀይ፣ መተላለፊያው ቢጫ፣ ጓዳው አረንጓዴ።»

«ታዲያ እንዴት ነው ኑሮው?»

«እንግዲህ ከተጋባን ሠላሳ ዓመታችን ነው» አሉ አውቶቡሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ እያዩ። «እስካሁን ከቢጫው አላለፍኩም።»

እጅ መታጠባቸው ብቻ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ሕንፃው ያውቀዋል፤ ሻይ የሚወጡት ሠራተኞች «እሜቴ ታጥበው ሳይጨርሱ እንመለስ» ይባባላሉ። አንድ ጊዜ ደግሞ አሲድ ከተደፋበት ቤት የተገኘ ሞባይል በላስቲኩ ውስጥ ሆኖ ይጠራ ጀመር። መርማሪው፣ ሹፌሩ፣ ፎቶ አንሺው ሁሉ በመስታወቱ ተለጥፈው «ያንሡት እንጂ!» አሉ። እሳቸው ስልኩን አላነሡትም። በላስቲኩ ውስጥ የሚታየውን ቁጥርና ስንት ጊዜ እንደጠራ በቅጽ ላይ መዘገቡ፤ ሃያ ሦስት ጊዜ። ቁጥሩ ሲጣራ የተጠርጣሪው ነበር፤ ሰውዬው የጠፋ ስልኩን እየፈለገ ነበር። መርማሪው ያን ዕለት አፉን ይዞ ደረጃውን ወጣ፤ ሦስተኛው ፎቅ ሲደርስ ግን ማማረሩን ካቆመበት ቀጠለ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የመንትያው ነገር ነው። እሜቴ አትንኩ አንድን ዕቃ ከማጽዳታቸው በፊት የሱን መሳይ ገበያ ወጥተው ያመጣሉ። ኤግዚቢቱ የጎማ ጫማ ከሆነ የጎማ ጫማ ይገዛሉ፤ ማንቆርቆሪያ ከሆነ ማንቆርቆሪያ። ከዚያ የተገዛውን ዕቃ ልክ እንደ ኤግዚቢቱ ያቆሽሹታል፣ አሻራ ያሳርፉበታል፣ ከዚያ ማጽዳቱን መጀመሪያ በሱ ላይ ይሞክራሉ። መንትያው ከተበላሸ ዘዴው ይቀየራል፤ መንትያው ከተረፈ ኤግዚቢቱ ተራ ይደርሰዋል። «መጀመሪያ መንትያው ይሞክረው» ይላሉ። ስለዚህ መደርደሪያቸው ላይ ጥፋት የሌለባቸው ዕቃዎች ተደርድረዋል፤ አንድ እግር ጫማ፣ ያፈጠጠ ማንቆርቆሪያ፣ ግማሹ የነጣ ክራቫት። እንግዳ ሰው ቢያይ የጎረቤት ቤት የዘረፉ ይመስለዋል።

የመጋዘኑ ነገር የመጣው እንግዲህ በዚህ ሁሉ ላይ ነው።

ከተማው ዳር ባለ የፀረ-ተባይ መጋዘን ውስጥ የአንድ በርሜል ታችኛው ስፌት ተበልቶ መርዙ ፈሰሰ። ሽታው አጥር ዘሎ አሥራ አንድ ጎረቤት ሆስፒታል አስገባ፤ ደግነቱ ሁሉም ተሽሏቸው ወጡ። ሥራ አስኪያጁ በማግሥቱ ክራቫቱን አስተካክሎ መጣና «በርሜሉ እንደሚያንጠባጥብ ማንም አልነገረኝም፤ ሠራተኛው ደብቆኝ ነው» ብሎ ቃሉን ሰጠ። የመጋዘኑ ሠራተኛ ታሰረ። እሱ ደግሞ ቢጠየቅም ቢጠየቅም የሚመልሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ደብተሬ ላይ ጽፌ አሳይቼዋለሁ። አንብቦ ፈርሞልኛል።»

ደብተሩ ተገኘ። የተገኘው ግን ከዚያው በርሜል ሥር፣ መርዙን ጠግቦ ጠጥቶ፣ ቅጠሎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ነው። በሦስት ከረጢት ታሽጎ በቀጥታ ወደ እሜቴ አትንኩ ምድር ቤት ወረደ።

መርማሪው ሠራተኛውን አምኖታል። ያመነበትን ምክንያት መዝገብ ላይ ማስፈር አይችልም እንጂ ምክንያቱ የሠራተኛው ታላቅ እህት ነበረች። በየጠዋቱ መጥታ ኮሪደሩ ውስጥ ያለው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። የወንድሟን የታጠበ ሸሚዝ በከረጢት ይዛ ትመጣለች፣ ያደፈውን ተቀብላ ትሄዳለች። አታለቅስም፣ አትለምንም፣ ሰው አትይዝም። መርማሪው ሲያልፍ ብድግ ትልና «ወንድሜ፣ ደብተሩ ደረሰ እንዴ?» ብቻ ትለዋለች። «ገና ነው እህቴ» ይላታል። እሷም «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ትቀመጣለች። ይህች «እግዜር ይስጥልኝ» ናት አንጀቱን የበላችው።

ዳኛው ሐሙስ ቀጥረዋል። እስከዚያ ደብተሩ ሠራተኛው የሚለውን ካላሳየ፣ አሥራ አንድ ሰው በመመረዝ ክስ ይመሠረትበታል። መርማሪው ይህን ሁሉ ለእሜቴ አትንኩ አስረዳ። እሳቸውም ጭምብላቸውን ሳያወልቁ አዳመጡትና «ረቡዕ ማታ ይደርሳል» አሉት።

«እትዬ፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው።»

«አውቃለሁ። አምስት ቀን አየር ይጠጣል። ከዚያ ቅጠሉ አንድ በአንድ ይላቀቃል።»

«በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርገው ቢሰጡኝስ?»

«ጠረግ ጠረግ» አሉ እሜቴ አትንኩ፣ ቃሉን በሁለት ጣት አንሥቶ እንደመመርመር። «አንተ ልጅ፣ ይሄ የምግብ ጠረጴዛ መሰለህ?»

«የሰው ሕይወት ነው እያልኩዎት ነው።»

«እኔስ ምን አልኩህ?» አሉና በሩን በክርናቸው ገፍተው ዘጉት።

ከዚያ ወዲያ መርማሪው ምድር ቤቱን ቤቱ አደረገው። በቀን አራት ጊዜ ይወርዳል። ደብተሩ አየር በሚስብ የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ማራገቢያው ቀን ከሌት ያጉረመርማል። እሜቴ አትንኩ አንድ ቅጠል በጉጠት ጫፍ ብድግ ያደርጉና ይተዉታል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ መጥተው ደግሞ ብድግ ያደርጉታል። መርማሪው በመስታወቱ ሲያይ ጥርሱን ያፋጫል። ወጥ ጠብቆ የተራበ ሰው እንኳ ድስት ከፍቶ ማየት ይፈቀድለታል፤ እሱ ግን ይህም አልተፈቀደለትም።

ማክሰኞ ጠዋት ከመንገድ ማዶ ካለው መሥሪያ ቤት ዓቃቤ ሕጓ ደወለችለት። «እኔ ክሱን ዛሬ መጻፍ ልጀምር ነው» አለችው። «በዓይኔ የማየው ነገር ካለህ አምጣ። ከሌለህ ግን የሥራ አስኪያጁን ቃል ይዤ እገባለሁ።» ስልኩን ሲዘጋ የሠራተኛው እህት አግዳሚው ላይ ሸሚዝ ስታጥፍ በበሩ ቀዳዳ አያት። ትዕግሥቱ ያኔ አለቀ።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየረገጠ ወረደ። የእሜቴ አትንኩ በር ገርበብ ብሏል። ከወዲያ በኩል ውሃ ይንሿሿል፤ እጃቸውን እየታጠቡ ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ አለው። ከአረንጓዴው መስመር ወዲህ ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ በሚያሳይ ላስቲክ የታሸገ፣ የዘይት ወዝ ያለው፣ የተከፈተ ደብተር ተቀምጧል። የሽፋኑ ቀለም፣ የገጹ መስመር፣ የጠርዙ ቡናማ እድፍ፣ ሁሉም ያው ነው። ወደ መስታወቱ ቁም ሣጥን ዞር ብሎ ለማየት ጊዜ አላጠፋም። ጓንት አጠለቀ፤ ያን ያህልስ ያውቃል። መዝገቡን ከፍቶ ስሙን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ጽፎ ፈረመ፤ ሌባ አይደለምና። ከዚያ ደብተሩን አቅፎ መንገዱን ተሻገረ።

ዓቃቤ ሕጓ መነጽሯን አጠለቀች። ላስቲኩን ሳትከፍት ወደ መብራቱ አስጠጋችው።

«ይነበባል» አለች።

«አላልኩሽም?» አለ መርማሪው።

እሷም ፍርድ ቤት በምታነብበት ድምፅ ቀስ ብላ ጀመረች። «‹መርማሪው ዛሬም አራት ጊዜ መጣ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠ ነው የሚወርደው፤ አንድ ቀን አንገቱን ይሰብራል። ቁርስ አልበላም፤ ፊቱ ያስታውቃል። በዚያች ሴትዮ ምክንያት እንቅልፍ አጥቷል።›» ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ቀጠለች። «‹ልቡ ደኅና ነው። መታሰር ያለበት እጁ ነው።›»

«ከሥሩ ፊርማ አለ» አለች ዓቃቤ ሕጓ። «የሥራ አስኪያጁን ለማስመሰል ተሞክሯል። ብዙም አይመስልም።»

መርማሪው ምድር ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። ይዞ የመጣው መንትያውን ነው። እሜቴ አትንኩ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያንኑ ዓይነት ደብተር ገዝተው፣ መርዙ የሌለበትን የፀረ-ተባዩን ዘይት ብቻ አጠጥተው፣ ገጹን የሚሞሉበት ነገር ሲያጡ አፋቸው ላይ የመጣላቸውን ጽፈውበታል። አፋቸው ላይ የመጣላቸውም እሱ ነው።

«እንደ ማስረጃ ጠንካራ ነው» አለች ዓቃቤ ሕጓ መነጽሯን እያወለቀች። «ግን የሚያስከስሰው አንተን ነው። ሂድ ቁርስህን ብላ፤ እስከ ሐሙስ እጠብቅሃለሁ።»

መርማሪው ደረጃውን በዚህ ጊዜ አንድ በአንድ ወረደ። እሜቴ አትንኩ በሩ ላይ ቆመዋል። በስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ያለ ጭምብል አይቷቸው አያውቅም ነበር፤ ያን ዕለት ጭምብሉ አንገታቸው ላይ ወርዷል። ፊታቸው ነጥቷል።

«ጓንት አድርገህ ነበር?» አሉት።

«አድርጌ ነበር።»

«አሽትተኸዋል? ፊትህ ጋ አስጠግተኸዋል?»

«ኧረ እትዬ፣ መንትያው እኮ ነው።»

«አንተ መንትያው መሆኑን መቼ አወቅህ?» አሉ። ድምፃቸው ተሰነጠቀ። «ዋናው ቢሆንስ? እኔ እዚህ ውሃ ከፍቼ ስዘምር፣ አንተ መንገድ ላይ ወድቀህ ቢሆንስ?»

እሳቸውም እጁን ሳይሆን እጅጌውን በሁለት ጣት ይዘው ወደ መደርደሪያው ወሰዱት። እዚያ ሁለት ደብተሮች አሉ፤ እነሱም መንትያዎች ናቸው። መንትያው ለካ ሦስት ነበር።

«ሠራተኛው የጻፈው በተራ እስክሪብቶ ነው» አሉት። «ከተጣበቁት ቅጠሎች መሐል ግን አንዲት ሰማያዊ ጭረት አየሁ። እሷ ቀለም የሚሞላበት ብዕር ናት። ትልቅ ሰው የሚፈርምባት ዓይነት። ስለዚህ ሦስቱንም በሁለት ዓይነት ብዕር ጻፍኩ። አንተ የወሰድከው በአየር ብቻ የደረቀው ነው። ይሄን በአልኮል ሞከርኩት፤ እየው።»

አየው። የእስክሪብቶው ጽሑፍ ሟሙቶ ገጹ በሙሉ ደመና ሆኗል።

«ይሄን ደግሞ አንተ እንዳልከው በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ አደረግሁት።»

የእስክሪብቶው ጽሑፍ አንድ ፊደል ሳይጎድል አለ። ከሥሩ ፊርማው የነበረበት ቦታ ግን ነጭ ነው። ሰማያዊ ጥላ እንኳ አልቀረም።

መርማሪው ያን ነጭ ቦታ አየው። ሠራተኛው «አንብቦ ፈርሞልኛል» የሚለው ፊርማ ይሄ ነው። ዓርብ ዕለት በጩኸትም በልመናም አሸንፏቸው ቢሆን ኖሮ፣ የሰውየውን ነጻነት በእርጥብ ጨርቅ የሚጠርገው ራሱ ነበር። ከዚያም ኮሪደሩ ላይ ያለችውን ሴት «ደብተሩ ደርሷል፣ ፊርማ ግን የለበትም» ብሎ በልበ ሙሉነት ሊነግራት ነበር።

«ይቅርታ» አለ።

«መዝገቡ ላይ የፈረምከውን ሰርዝ» አሉት እሜቴ አትንኩ ጭምብላቸውን መልሰው። «ሰረዝ ካደረግህ በኋላ ደግሞ ለምን እንደሰረዝህ ጻፍ። ለምን እንደጻፍህም ፈርም።»

ሐሙስ በአራት ሰዓት ፍርድ ቤቱ ሞላ። ሥራ አስኪያጁ በአዲስ ክራቫት መጥቷል። ሠራተኛው በሁለት ፖሊስ መሐል፣ እህቱ ከኋላው። እሜቴ አትንኩ የተቀመጡት መርማሪው አጠገብ ነው፤ በቀሚስና በነጠላ ጫማ ሲያያቸው ሌላ ሰው መሰሉት፤ ጭናቸው ላይ ያለችው ሣጥን ባትኖር አያውቃቸውም ነበር። ረቡዕ ማታ ይደርሳል ያሉት ረቡዕ ማታ ደርሷል። እያንዳንዱ ቅጠል ተላቆ፣ ለብቻው በሚያሳይ ላስቲክ ታሽጎ፣ ቁጥር ተሰጥቶታል።

ስማቸው ተጠርቶ ቀረቡ። ቅጠል ቁጥር ዘጠኝን አውጥተው ከዳኛው ፊት አኖሩ። ዳኛው ቀረብ ብለው ለማየት እጃቸውን ዘረጉ።

«አይንኩ» አሉ እሜቴ አትንኩ።

ያን ወንበር ይዘው አሥራ ስምንት ዓመት የተቀመጡ ዳኛ ናቸው። ለእሳቸው «አይንኩ» ያለ ሰው በታሪክ አልተመዘገበም። መርማሪው ዓይኑን ጨፈነ። ዳኛው ግን ምድጃ እንደነካ ልጅ እጃቸውን ሰብሰብ አድርገው ጉያቸው ውስጥ ከተቱና «ከዚሁ ይታየኛል» አሉ በትሕትና።

ታያቸው። «የአራት ቁጥር በርሜል ከሥር ያንጠባጥባል፤ ይቀየር» ይላል በእስክሪብቶ። ከሥሩ በሰማያዊ፣ ጅራቷን ሽቅብ የጣለች የደነደነች ፊርማ። ቀኑ አደጋው ከመድረሱ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። ዳኛው ሥራ አስኪያጁን ጠሩና «ይህቺ የማን ናት?» አሉት። ሥራ አስኪያጁ ጎንበስ ብሎ አያት። ክራቫቱን ነካ ነካ አደረገ። ብዙ ዓይነት ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ መጨረሻ ላይ ያለው ግን «የኔ ትመስላለች» ነው።

ከሰዓት በኋላ ሠራተኛው ተለቀቀ። እህቱ በሩ ላይ ቆማ የያዘችውን ሸሚዝ የት እንደምታደርገው ጠፍቶባት ነበር። መርማሪው የምሥራቹን ይዞ ምድር ቤት ወረደ። እሜቴ አትንኩ ቱታቸውን ለብሰው ሪፖርታቸው ላይ ጎንበስ ብለዋል።

«ተፈታ፣ እትዬ። አሁን በር ላይ ነው።»

«ሰምቻለሁ፤ እግዜር ይመስገን» አሉ፤ ቀና ግን አላሉም። «አሥራ አራተኛው ቅጠል ላይ ሁለት መስመር ጠፍቶብኛል።»

«ምን?»

«ከታች ሁለት መስመር። ሳላቅቀው ከጎኑ ቅጠል ጋር ሄደ። ምን እንደሚል አላውቅም።»

«እትዬ፣ ሰውየው እኮ ነጻ ወጥቷል። ሁለት መስመር ምን ያደርጋል?»

«ሰው የጻፈው ነገር ነው» አሉ። ሪፖርቱ ላይ «አልተነበበም» ብለው የጻፉትን ቃል በጣታቸው ይዳስሱታል። ዓይናቸው ቀልቷል። ሦስት ሌሊት አልተኙም፤ መርማሪው ይህን ያወቀው ገና አሁን ነው። ደብተሩን እስኪደርቅ ሲጠብቅ የተቃጠለው እሱ ብቻ መስሎት ነበር።

ደረጃውን ወጥቶ ወደ ውጭ ሄደ። ሠራተኛው ከእህቱ ጋር አጥሩ ጥግ ታክሲ ይጠብቃል። «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለው መርማሪው። «አሥራ አራተኛው ቅጠል መጨረሻ ላይ ምን ነበር የጻፍከው?»

ሠራተኛው ግንባሩን አኮማተረ። ከዚያ እጆቹን አየ። መዳፉ ላይ ቆዳው ተልጦ፣ ደርቆ፣ ደግሞ ተልጦ የቆየ ነው።

«ጓንት ነው» አለ። «ጓንት አልቋል፣ ይገዛልኝ ብዬ ነው የጻፍኩት። ለአራተኛ ጊዜ መሆኑንም ጽፌያለሁ መሰለኝ። እሱ ምን ይጠቅማል ብላችሁ ነው?»

መርማሪው ተመልሶ ወረደና እንዳለ ነገራቸው። እሜቴ አትንኩ መጻፍ ጀምረው አቆሙ። ጠረጴዛው ላይ እንደ ጡብ የተደረደረውን የጓንት ካርቶን አዩ፤ ትንሹ፣ መካከለኛው፣ ትልቁ፣ ድርቡ። ሕንፃው ሁሉ የሚሳለቅባቸው፣ እንግዳ ሁሉ የሚነጫነጭባቸው እነዚህ ካርቶኖች ናቸው።

«እኔ እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጓንት ሰው ሁሉ የሰለቸው ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚለምነው አለ።»

መርማሪው እኚህን ሴት እንደሚወዳቸው ያወቀው እዚያ ላይ ነው። ስድስት ዓመት ሲያማቸው የኖረው፣ ሌላ ሰው ሲያማቸው ግን ለምን እንደሚናደድ ገርሞት የኖረው ለዚህ ነበር ማለት ነው። እላይ ሦስት መዝገብ ይጠብቀዋል፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። እሜቴ አትንኩ ብዕራቸውን አንሥተው «አልተነበበም» የሚለውን ሰረዙና ከጎኑ፣ በዚያች በምትንፏቀቅ ጽሕፈታቸው፣ አንድ ፊደል ጨርሰው ሌላውን እየጀመሩ፣ «ጓንት ይገዛልኝ» ብለው መጻፍ ጀመሩ። እሱም ወንበር ስቦ ተቀመጠና እስኪጨርሱ ጠበቃቸው።